ብርድ እንዳይመታው

ዙሪያሽ በላቸው ጋ ስደርስ፣ ሠላሳ ሁለተኛዋ፣
ሒሳብ ሰማንያ አንድ፣ ሰባ ሦስት እንግሊዝኛዋ፣
"አማርኛ…" ብዬ ጣቴ ቁጥሩ ላይ ሳያርፍ
ድርግም።
እንደ ተቀየመ እንግዳ፣ ደህና እደሩ ሳይል ሲያልፍ፣
ጥቁር መስታወት ላይ የራሴን ፊት ጥሎ
ይሄዳል፣ የደከምኩበትን ሁሉ ጠቅልሎ።
አራት ጊዜ በአንድ ማታ!
ካርዱ ዓርብ ይሰጣል ብዬ ለወላጅ ምያለሁ፤
የዙሪያሽን ውጤት እንደ ዳዊት በቃሌ ይዣለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው መብራቱን ነው፤
ጠባሴ ላይ መብራትን ማማት ማን ነውር ያለው?
ሶኬት ቀየርን። ገመድ ቀየርን።
ከእትዬ ብርነሽ ቤት ስታብላይዘር ተበደርን፤
መርፌው ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቀጥ ብሎ እንደ ዘበኛ
ኮምፒውተሩ ጠፋ ዓይኑ እያየ፤ ምስክሩ እሱና እኛ።

ከዚያ ኢዮስያስ መጣ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ኮሌጅ የጀመረ፣
ፍላሹን እንደ ማተብ አንገቱ ላይ ያሰረ።
"ቫይረስ ነው" አለ። አጥፍቶ እንደገና ጫነ።
ጠፋ።
"ራሙ ነው" አለ። ነቅሎ በላጲስ ፈተገ፣ እፍ ብሎ ሰካ።
ጠፋ።
"እንግዲህ አዲስ አበባ ይሂድ፤ እኔ የማውቀው አልቋል" አለና
ሻዩ ሳይበርድ ወጣ፤
እዚህ ሻይ እንዴት ቶሎ እንደሚበርድ ታውቃላችሁና።

አባቴ ሸዋንግዛው ጥጉ ላይ ነበር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ከማሽን ጋር የኖረ፣
ቀኝ ጆሮው የደከመ፣ ግራው እዚያው የቀረ።
"ይሄ ነገር ታፍኗል" አለ።
"ሊጠፋ ሲል ስሙት፤ አስም እንዳለበት ሰው ሽቅብ ሽቅብ ይላል።"
ሳቅን። ጆሮ የሌለው ሰው እኛ ያልሰማነውን እንዴት ይሰማል?

ማታ ግን እጄን ወደ ሳጥኑ ሰደድኩ፣ ከጠረጴዛው ሥር፤
ደጅ ያደረ ውኃ ቆዳ በሚያወጣበት በጥር፣
ከምድጃው በቀር የሚሞቅ ነገር በሌለበት ቤት
አቃጠለኝ፣ እንደ በሽተኛ ልጅ ደረት።
ድመቷስ? ወር ሙሉ እዚያ ሥር ተጠቅልላ ስታድር
ማን ጠየቃት? ሁሉን ታውቅ ነበር።

ብሎኑን በቢላ ጫፍ ፈታሁ።
ሱፍ።
ቀይ፣ ቡናማ፣ የግመል ቀለም፣ ማራገቢያው ላይ የተጠመጠመ፣
እንደ ወፍ ጎጆ ተሠርቶ ክንፎቹ መሐል የከረመ።
አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ ቆየ።
"ይሄን ቀይ አውቀዋለሁ" አለ።

ጡረታ ሲወጣ የሸለሙት ብርድ ልብስ ነው።
ማታ ማታ እኔ ስጽፍ ቀስ ብሎ ይመጣና
ሳጥኑ ላይ ይደርብለታል፣ ዳር ዳሩን ጠቅጠቅ አድርጎ፣
"ብርድ እንዳይመታው" እያለ።
አይቼ ዝም ብያለሁ እኮ።
ደስ ብሎኝ ነበር እንጂ!

የጺም ብሩሹን አመጣ።
ከማሽን ጥርስ ክር ሲለቅም በኖረ ጣት
አንድ በአንድ አወጣው፣ እሾህ ከእግር እንደሚያወጣ።
የስፌት መኪና ዘይት፣ አንዲት ጠብታ።
"በል ተንፍስ" አለው።
ተነፈሰ።

ዙሪያሽ አለፈች፤ አማርኛ ስልሳ ስምንት።
ሠላሳ ሦስት፣ አርባ፣ አርባ ዘጠኝ…
አባቴ ከኋላዬ ቆሞ እንደ ሎተሪ ሲቆጥርልኝ
ሃምሳ አንደኛው ላይ
ድርግም።

"እኔ አልነካሁትም!" ብሎ ጮኸ፤
ብርድ ልብሱ ጀርባው ኋላ እንደ ሌባ ዕቃ ተደብቆ።
መስኮቱን ከፈትኩ። ነፋሱ ገባ።
ጠባሴ ሙሉውን ጨለማ፣ እስከ ፋብሪካው አጥር።
"ይሄኛው የሁላችን ነው" አልኩት።
ሲስቅ ሰማሁት። ቆየና
"ሴቭ አድርገሽ ነበር?" አለኝ፤
ቃሉን ዛሬ ነው የተማረው።

አልመለስኩለትም።
ዙሪያሽ በላቸው፣ ሒሳብ ሰማንያ አንድ…